ፋይል የጠፋበት ሰው ወንበር

ያገሬ ሰው ሲጸልይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል። ደግ ጸሎት ነው፤ የሚመቀኝህ ካለ የሚያስቀና ነገር አለህ ማለት ነውና። እኔ ግን በዚህ ጸሎት ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ጸሎቱ ሲሰማ ምቀኛ ሆኖ የሚመደብ ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚያ ምስኪን ግን ያሰበለት የለም። ባለ ጸሎቱ ይመረቅለታል፣ ይጨበጨብለታል፤ ምቀኛው ጥግ ይዞ፣ አንጀቱ እያረረ፣ ያለ ደመወዝ ሥራውን ይሠራል። ባለፈው ክረምት ይህ ምደባ ለእኔ ደረሰኝ። ማን ጸልዮ እንዳስመደበኝ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ቅናትና ምቀኝነት አንድ አይደሉም የሚሉ አዋቂዎች አሉ። ቀናተኛ «ለእኔም በሆነልኝ» የሚል ነው፤ ምቀኛ ደግሞ «ለእሷም ባልሆነላት» የሚል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ በራሴ አይቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ቀናተኛ ነበርኩ። ከምሳ በኋላ ምቀኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰላ ውስጥ ገብስና ስንዴ አምራቾችን በሚያገለግል አንድ ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ስሙን ተዉት። የሁላችንም ሰነድ የሚቀመጠው ከየኮምፒዩተራችን በሚከፈት አንድ የጋራ ቋት ውስጥ ነው፤ ቋቱም በየወረዳው ተከፍሏል፤ የዴራ አለ፣ የጎበሳ አለ፣ የሮቤ አለ። እስከዚህ ድረስ እንደ ማንኛውም ቢሮ ነን። ከሌላው የምንለየው በይሉኝታችን ነው። እኛ ዘንድ የሰው ፎልደር መንካት ነውር ነው። ወይዘሮ አስቴር ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው የተተካው ታዬ የእሳቸውን ፎልደር አጥፍቶ፣ ወይም ስሙን ለውጦ ሊቀመጥበት? ምን ሲደረግ! በእሳቸው ፎልደር ውስጥ የራሱን ከፈተ፤ አባቱ ግቢ ውስጥ ጎጆ እንደሚቀልስ ሙሽራ። ታዬ ሲዛወር ደግሞ ተተኪው በታዬ ውስጥ ከፈተ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ አንድ የምርጥ ዘር ሰነድ የት ነህ ቢሉት ዘሩን ይቆጥራል፤ ዴራ፣ ከዴራ ውስጥ አስቴር፣ ከአስቴር ውስጥ ታዬ፣ ከታዬ ውስጥ «አዲስ»፣ ከአዲስ ውስጥ «አዲሱ አዲስ»፣ ከእሱ ውስጥ «የመጨረሻ»፣ ከመጨረሻው ውስጥ ደግሞ «ይሄኛው»። አርሲ ውስጥ አያት ቅድመ አያቱን የማይቆጥር ሰው አይገኝም። እኛ ቢሮ ፋይሉም ይቆጥራል።

የኮምፒዩተሩን መፈለጊያ ለምን አትሞክሩም እንዳትሉኝ። በእኛ ቋት ላይ ሲዞር ይውላል እንጂ አንድም ቀን መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ይህንን ሁሉ የትውልድ ሐረግ በቃሉ የሚያውቅ ሰው አስፈለገ፤ ያም ሰው ጋሽ ዘውዱ ነበር። ጋሽ ዘውዱ እኔ ነኝ።

ከጠረጴዛዬ ጎን አንዲት የእንጨት ወንበር ነበረች። ፋይል የጠፋበት ሰው ከሻይ ክበብ ሁለት ሻይ ይዞ ይመጣና እሷ ላይ ይቀመጣል። እኔ ከላይ ጀምሬ ፎልደር እከፍታለሁ፤ እሱ ያወራል። ሰው ዓይኑ ስክሪን ላይ ሲሆን አፉ እንዴት እንደሚፈታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቶላ የሚባለው የሰብል ባለሙያችን ጎበሳ ውስጥ ሊያገባት ያሰባት ልጅ መኖሯን ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው እዚያች ወንበር ላይ ነው፤ እናቱ እንኳ ገና አልሰሙም ነበር። አንድ ነገር በጆሯችሁ ልንገራችሁ። ፋይሉን ብዙ ጊዜ ቶሎ አየዋለሁ። ግን ጨዋታው መሃል ላይ ከሆነ ምን ይደረጋል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ስድብ ቢሆንም፣ ኩበቱ ሰበብ ለሆነበት ሰው መስኩ ደስ ይላል።

ከዚያ ሐያት አዲስ ተቀጥራ መጣች።

ሐያት የሮቤ ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ ሁሉ እዚያ ነው፣ አሰላ ውስጥ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ፈገግተኛ ናት፣ ሰው አክባሪ ናት፣ ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ» ብላኝ የእኔን መልስ ሳትሰማ አታልፍም። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መቅናት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ክፉ ብትሆን ግማሹን ሥራ ታግዘኝ ነበር።

አንድ ቀን ቶላ የጎበሳ የማሳ ጉብኝት ፎቶ ጠፍቶበት፣ እንደ ደንቡ ሻዩን ይዞ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። እኔም ከላይ ጀመርኩ። የልጅቷ ወንድም አስቸግሮታል፤ እሱን ይነግረኝ ጀመር። ይሄኔ ሐያት ከወዲያኛው ጠረጴዛ ቀና አለችና፣

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ልሞክረው?» አለች።

«ሞክሪ» አልኩ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር? ቶላ አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማ፣ ጠያቂዋ ደግሞ ፊቷ ሁሉ ፈገግታ ሆኖ!

ኖትፓድ ከፈተች፤ ያ እኛ ስልክ ቁጥር የምናሰፍርበት ባዶ ገጽ። ጥቂት መስመር ጻፈችበት፣ አስቀመጠችው፣ ሁለቴ ተጫነችው። ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ባች ስክሪፕት ይባላል» አለች፤ «ከዚህ ፎልደር ተነስተህ፣ የልጆቹንም የልጅ ልጆቹንም ሆድ ፈትሽ፣ ያገኘኸውን ሁሉ እስከ አድራሻው ጻፍልኝ ማለት ነው።» ዝርዝሩን ከፈተችው። በኦሮምኛ የተሰየሙት ፋይሎች ጥርት ብለው ወጥተዋል። በአማርኛ የተሰየሙት ግን ጥያቄ ምልክት ብቻ! ዴራ ጥያቄ ምልክት፣ አስቴር ጥያቄ ምልክት፣ ታዬ ጥያቄ ምልክት። የቶላም ፎቶ ከጥያቄዎቹ መሃል የትኛው እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አልኩ በሆዴ። ደስታዬን ሻይ በመጠጣት ሸፈንኩት። ይኸው ጥቁሩ መስኮት ፊደል አልቆጠረም፤ እኔ ቆጥሬያለሁ። «አይዞሽ» ስላት በጣም ደግ ሰው መስዬ ነበር።

ሻዩ እንኳ አልቀዘቀዘም። ስልኳ ላይ የሆነ ነገር አነበበችና ከላይ አንዲት መስመር ጨመረች፤ የዓለምን ፊደል ሁሉ ተቀበል የምትል ትእዛዝ ናት አሉ። ሁለቴ ተጫነች። እኔ በስንት ዘመን አንድ በአንድ የተዋወቅኋቸው፣ የአስቴር ልጆች፣ የታዬ ልጆች፣ «አዲሱ አዲስ» ሳይቀር፣ በመስመር ተሰልፈው ወረዱ። ፎቶውም አለ። ቶላ ብድግ አለ፤ ሻዩን አነሳ፤ ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወንበሯን አንጠልጥሎ ሐያት አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። የልጅቷ ወንድም ነገር የት ደረሰ? እኔ አላውቅም። ሐያት ታውቃለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያየሁትን አበሳ አልዘረዝርም። ሰው ሁሉ በጠረጴዛዬ አጠገብ እያለፈ ወደ እሷ ይሄዳል። የሻይ ብርጭቆ ስንት እንደገባላት በጎን እቆጥራለሁ። መብራት እንዲጠፋ ተሳልኩ፤ ጠፋም፤ ላፕቶፗ ባትሪ ነበረው። አንድ ጊዜ ከሥራ ወጥታ ሳለ ያንን ጽሑፍ ከፍቼ አየሁት። ረጅምና የተወሳሰበ ነገር ጠብቄ ነበር። ዋናው ምስጢር «ዲር» የምትል ትእዛዝ፣ ቀጥሎ ያዘመመች ጭረትና «ኤስ» የምትባል ፊደል ናት። በቃ። ያቺ ፊደል ናት በየሆዱ የምትገባው። ሰው የሚቀናበት ነገር እንኳ ትንሽ ረዘም ቢል ክብር ነው።

ቤት ገብቼም ስለ ሐያት ሳወራ አመሻለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን ምስሩን መልቀሟን አቆመችና፣

«ለመሆኑ ልጅቷ ቆንጆ ናት?» አለችኝ።

«የለም፣ ፈጣን ናት» አልኳት።

እፎይ ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች። እኔ እፎይ የምልበት ግን አልነበረም። ቆንጆ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ከእኔ ይልቅ ባለቤቴን ይመለከት ነበር።

መቼም ጥሩ ነገር አለቃ ጆሮ መድረሱ አይቀርም። አለቃችን መጡ፣ አዩ፣ አደነቁ፤ «ለሁሉም ሰው ይጫን!» ብለው አዘዙ። ሐያት በየጠረጴዛው እየዞረች ጫነች፤ የእኔም ላይ። አመስግኜ እጇን ጨበጥኳት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ ፋይል የጠፋበት ሰው ሁለቴ ይጫናል፣ ጥቁሩ መስኮት ብልጭ ይላል፣ ፋይሉ ይገኛል። ሻይ የለ፣ ወግ የለ። ቢሮው ፀጥ አለ። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም፤ ምቀኛ ሥራ ስለሚበዛበት ዙሪያውን አያይም። በኋላ ሳይ፣ ወንበሯ ሐያት አጠገብ ባዶዋን ቆማለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብዬ ደስ ሊለኝ ሞከርኩ። ትንሽ ደስ አለኝና ወዲያው አለቀብኝ። ቶላ ሊያገባ ቀን መቁረጡን የሰማነው፣ እኔም እሷም፣ እንደማንኛውም ሰው ከጥሪ ካርዱ ነው።

አንድ ከሰዓት፣ ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖት፣ የሚጎተት ነገር ሰማሁ። ሐያት ናት። በአንድ እጇ ሁለት ሻይ በትሪ፣ በሌላው ወንበሯን ይዛ መጣች። ወንበሯን የድሮ ቦታዋ ላይ አቆመችና ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ማሎ፣ አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ ነበር» አለች፣ በኦሮምኛ እየተማጸነች።

«የምን ፋይል?»

«የሮቤ ስልጠና ሪፖርት።»

ራሷ የጻፈችው፣ ራሷ ያስቀመጠችው ሪፖርት ነው። «ያ ጥቁሩ መስኮትሽስ?» አልኳት። ትንሽ መርዝ ነበረችበት፤ አልዋሽም።

«እሱማ ወዲያው ያወጣዋል» አለችና አንዱን ሻይ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ወላሂ ጋሼ፣ ያንን ነገር ከጫንኩላቸው ወዲህ ስሜን የጠራኝ ሰው የለም። እነሱ ሲመጡ አገር የለመድኩ መስሎኝ ነበር። ሰው በገዛ ሥራው ይቀናል? እኔ ቀናሁበት።»

ስንት ወር ስቀናባት የከረምኩት ልጅ እኔው የቆምኩበት የቀናተኞች ወረፋ ላይ ቆማለች፤ ያውም ከእኔ ኋላ። ቦታ ልለቅላት ይገባኛል።

«ስሙን ምን ብለሽው ነበር?»

«ረሳሁት» አለች።

«እንግዲያው ከላይ እንጀምራለን» አልኩና ሻዬን ፉት ብዬ ቋቱን ከፈትኩ። «እናትሽ ደህና ናቸው? ሮቤ እህሉ እንዴት ነው ዘንድሮ?» የሮቤን ፎልደር ከፈትኩት። ሪፖርቱ ከሁሉ በላይ፣ ስሙን በጉልህ ይዞ ተቀምጧል።

«እዚህ የለም» አልኩ።

ሐያት ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ትክ ብላ አየችው።

«አዎ ጋሼ» አለች፤ «የለም።»