ሽማግሌዎቼ ጀልባዋ ላይ ተጣብቀው ቀሩ

ወገን፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "ፈጥረህ ነው" ትሉኛላችሁ። ምነው በፈጠርኩት!

እኔ አዳማ ሶፋና አልጋ ቫርኒሽ የምቀባ ሰው ነኝ። ሲፈን ደግሞ የማገባት ልጅ ናት። ማለቴ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የማገባት ይመስለኝ ነበር።

አባቷ ጋሽ ገመቹ ባቱ ሐይቁ ላይ ሰው የሚያመላልሱባት የእንጨት ጀልባ አለቻቸው። ጠርዟም መቀመጫዋም ዙሪያውን ማሆጋኒ እንጨት! ሲፈን "ከእኔ ይልቅ የሚሳሱት ለእሷ ነው" ትላለች።

እኔ ብልጡ ምን አሰብኩ? ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ማሆጋኒውን ባድስላቸውስ? አማች ማለት እንዲህ ነው ይበሉ!

ፈቀዱልኝ። አሮጌውን ቫርኒሽ ልጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ከቫርኒሹ በፊት እንጨቱን የሚያቀላውን ከለር ቀባሁ።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው!

እንጨቱ ከለሩን የሚጠጣውን ያህል ከጠጣ በኋላ የተረፈው በጨርቅ ይጠረጋል። ካልተጠረገ ከላይ የሚደረበው ቫርኒሽ አይደርቅም። ይሄን ማንም ቀቢ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ! ግን የእኛ ከተማ ደንበኛ ሶፋው ደም እስኪመስል ካልቀላ "ቀለም ቆጠብክብኝ" ነው የሚለው። እጄም ለመደ። ይድመቅ ብዬ፣ ሳልጠርግ ቫርኒሹን ደረብኩበት።

ሲያበራ ግን! እዚሁ ፖስት አድርጌው ላይክ አዝንባችሁልኛል። ግብረ አበሮች ናችሁ!

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። አጎቴ ጋሽ በቀለና ሁለት ጎረቤቶቻችን፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ፏ ብለዋል። እኔ በደንቡ እዚያ መገኘት የለብኝም። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ጥብስ ቤት አጥር ኋላ ተደብቄ አየሁ። (አትፍረዱብኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ትቀሩ ነበር?)

ጋሽ ገመቹ ቤት አላስገቧቸውም። "ኮታ፣ ኑ! መጀመሪያ ልጁ ያደሳትን ጀልባዬን እዩልኝ!" ብለው ወደ ሐይቁ ይዘዋቸው መጡ።

"ቁጭ በሉ እንጂ!"

"ኧረ እኛስ ቆመን ነው የምንለምነው!" አሉ አጎቴ።

"በሞቴ!"

በሞቴ ከተባለማ! ተቀመጡ።

ያልጠረግኩት ከለር ያኔ ትዝ አለኝ። ላዩን ሲያዩት የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሙጫ ነው። ልጩህ? ብጮህ መደበቄ ሊታወቅ ነው። ይበልጥ አጎነበስኩ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ይደረግ!

ጨዋታው ደራ። ልጅቷ ተጠየቀች። ጋሽ ገመቹም እንደ ወጉ "ከዘመድ ልምከርበት፣ ሌላ ቀን ኑ" አሉ። ሽማግሌዎቹ "እግዜር ይስጥልን" ብለው ሊነሱ ሞከሩ።

ወይ ፍንክች!

አንዱ ጎረቤታችን በሙሉ ኃይላቸው ብድግ ሲሉ የሱሪያቸው "ጨርርር" ማለት አጥሩ ድረስ ተሰማኝ። ኧረ የት ልግባ!

አጎቴ ግን አጎቴ ናቸው። ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ "አቶ ገመቹ፣ እኛ መልስ ሳናገኝ አንነሳም!" አሉ።

ጋሽ ገመቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም "በቃ፣ ተሰጠችኝ!" ብዬ አጥሩ ኋላ ዘለልኩ። ከዚያ ጋሽ ገመቹ ጎንበስ ብለው ጠርዙን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ጣታቸው ላይ የቀረውን ቀይ አዩት።

ሳቁ ቆመ።

"እንግዲያው መልሴ ይኸው። ቫርኒሹ ሲደርቅ ኑ!"

ወዲያው ሲፈን ደወለች። ደስታ በደስታ ሆናለች! "አባዬ እሺ አለ እኮ! ነገ ከነገ ወዲያ ይደርቃል አይደል?"

አይደርቅም፣ የኔ ቆንጆ! ያ ቫርኒሽ የልጅ ልጅ ብናይም አይደርቅም! ሁሉም ተልጦ፣ ተጠርጎ፣ እንደገና ከሀ ነው የሚጀመረው። ይሄን ደግሞ ለጋሽ ገመቹ የሚነግርልኝ ሰው ያስፈልጋል። እኔማ ፊታቸው አልቆምም። አጎቴ ስልኬን አያነሱም።

እስቲ ከእናንተ መሃል ሽማግሌ የሚሆንልኝ ማነው? ጥቁር ሱሪ ያለው ቢሆን ይመረጣል።