ብስክሌቷን በርካሽ ለመጠገን የተሰየመው ኮሚቴ ሦስተኛ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የተራራው ውድድር ዋዜማ
ቦታ፦ የአናጢው መሥሪያ ክፍል፣ በመጋዙ ጠረጴዛ ዙሪያ
ሰዓት፦ ለ9 ሰዓት ተጠርቶ ከቀኑ 9፡40 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. አናጢው፣ ሰብሳቢ (የጸሐፊው አማች)
2. ልብስ ሰፊዋ፣ ገንዘብ ያዥ (የሰብሳቢው ባለቤት፣ የጸሐፊው ልጅ)
3. ጋሽ ቀመር፣ የቴክኒክ አማካሪ (ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርና ጎረቤት፤ ብስክሌት ነድተው አያውቁም)
4. የልጅ ልጅ፣ የብስክሌቷ ባለቤት (ድምፅ የሌላት ታዛቢ)
5. አያት፣ ጸሐፊ

ብስክሌቷ ራሷ በሦስት ካርቶን ተከፋፍላ ተገኝታለች።

ጸሐፊው ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር እንደተገኙ ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ የሚል ጥያቄ ከገንዘብ ያዧ ቀርቧል። ጸሐፊው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እየሰማሁ ነው» በማለታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የመነሻ ማብራሪያ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ልጃቸው በተራራው ውድድር ትሳተፋለች። ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር ውስጥ ከገባች ለቡድኑ ትመረጣለች፤ ካልገባች የሚቀጥለው ምርጫ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የብስክሌቷ የፍሬን ሸራ አልቋል፣ ካቴናው ላልቷል፣ የፊት ጎማዋም ተንፍሷል። ከመንገዱ ጫፍ ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ሁሉንም በአንድ ሰዓት እጨርሳለሁ ብሏል። ዛሬ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እሑድ አይሠራም።

ዋጋውን በተመለከተ ሰብሳቢው «ይሄ ብስክሌት መጠገኛ ነው ወይስ ሰውየውን መዳሪያ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው ለማንም የቀረበ ስላልነበር መልስ አልተሰጠበትም። ሦስት ባለሙያ ያለበት ቤት ለብሎን ማጥበቂያ ለሰው አይከፍልም የሚለው የኮሚቴው መመሪያ በድጋሚ ተነቧል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ስለ ማጽደቅ

ሰብሳቢው፣ ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ እንደሚደረገው፣ ያለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤ «የተነበበ ያህል ይቆጠር» ብለዋል። ታዛቢዋ አንድ ቀን እንኳ ቢነበብ ምን አለበት ስትል ጠይቃለች። ታዛቢ እንደምትታዘብ እንጂ እንደማትጠይቅ ተነግሯታል።

ውሳኔ፦ የተነበበ ያህል ተቆጥሮ ጸድቋል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ፊት ጎማ

ገንዘብ ያዧ የውስጥ ጎማውን ቀዳዳ ትናንት ማታ በጥሩ ክር፣ በእጥፍ ስፌት መስፋታቸውን ሪፖርት አድርገዋል። ስፌቱ እጅግ ያማረ መሆኑን ጉባኤው በእጁ እያዳሰሰ መስክሯል። ከዚያም ጎማው ተነፍቶ በሳፋ ውሃ ውስጥ ተነከረ። ትናንት በአንድ ቦታ ብቻ ይወጣ የነበረው አረፋ ዛሬ በሃያ አምስት ቦታ ወጥቷል። ጋሽ ቀመር ቀዳዳዎቹ በመካከላቸው እኩል ርቀት ያላቸው መሆኑን አድንቀዋል።

ሰብሳቢው «አንቺ ደግሞ፣ ጎማ ቀሚስ መሰለሽ?» በማለታቸው ገንዘብ ያዧ ባለፈው ወር ሰብሳቢው የሠሩትን የሚወዛወዝ አልጋ አንሥተዋል። አልጋው የዕለቱ አጀንዳ አለመሆኑን ጸሐፊው አስታውሰው፣ ይሁን እንጂ አልጋው በእርግጥ እንደሚወዛወዝ ለመዝገቡ ያህል አረጋግጠዋል።

ሰብሳቢው ነገሩን በተግባር ለመመለስ ጎማውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሃያ አምስቱንም ቀዳዳ በእንጨት ኮላ ለቅልቀዋል። ኮላው እስኪደርቅ ሻይ ተጠጣ። ሲደርቅም ጎማው ከጠረጴዛው አልላቀቅ ብሏል። ሰብሳቢው ይህ የኮላውን ጥንካሬ እንደሚያሳይ ገልጸዋል።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ጎማው በመርህ ደረጃ እንደተጠገነ እንዲቆጠር ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ፍሬን

ጋሽ ቀመር በአራት ገጽ ያዘጋጁትን ጥናት አቅርበዋል። በጥናቱ መሠረት ብስክሌት ዳገት ስትወጣ ፍሬን፣ ቁልቁለት ስትወርድ ደግሞ ማርሽ አያስፈልጋትም። ስለዚህ የፍሬን ሸራው ከታች ሳይገጠም ቢቀር በዳገቱ ላይ የሚደርስበት ማለቅ በሙሉ ይድናል። ሸራውን ከተራራው ጫፍ ላይ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ይመደባል፤ ጋላቢዋ እዚያ ስትደርስ ወርዳ ትገጥመዋለች።

ታዛቢዋ «ጋሼ፣ ሌሎቹ እኮ ሲያልፉኝ አይጠብቁኝም» ብላለች። ጋሽ ቀመር ጥናቱ የቁጠባ እንጂ የፍጥነት አለመሆኑን መልሰዋል።

ሸራውን ይዞ ጫፍ ላይ የሚጠብቀው ማን ነው በሚለው ላይ ሃያ ደቂቃ ውይይት ተደርጓል። ጋሽ ቀመር ጉልበታቸው፣ ሰብሳቢው ወገባቸው፣ ገንዘብ ያዧ የደንበኛ ቀሚስ እንደማይፈቅድላቸው ገልጸዋል። ጸሐፊው ደግሞ እስከ ጫፍ ታክሲ ከተከፈለላቸው ፈቃደኛ መሆናቸውን አስታውቀዋል። የታክሲው ሒሳብ ከአዲስ ሸራ ዋጋ በልጦ በመገኘቱ ጥናቱ ለተጨማሪ ጥናት ተመልሷል።

ቀጥሎ ሰብሳቢው የፍሬን ሸራ ከጫማ ሶል ሊቆረጥ እንደሚችል ገልጸው፣ ሐሳባቸው ገና ተቀባይነት ሳያገኝ ሶሉን ቆርጠዋል። ሶሉ የጸሐፊው የግራ ጫማ ነው። ጸሐፊው ተቃውሟቸው እንዲመዘገብላቸው ጠይቀው ራሳቸው መዝግበውታል።

ብስክሌቷ በካርቶን ውስጥ ስለሆነች ሙከራው የተካሄደው ሰብሳቢው እንጨት በሚያመላልሱበት ጋሪ ላይ ነው። ሶሉ ከጋሪው ጎማ ጋር በሽቦ ታሰረ፤ ሰብሳቢው ተቀመጡ፤ ጋሽ ቀመር ከግቢው ዳገት ላይ ገፉ። ጋሪው የውሃ ሮቶው ጋ ሲደርስ ቆሟል። ሰብሳቢው ከሮቶው ሥር ሆነው ይህ የሶሉ ውጤት መሆኑን ሲገልጹ፣ ገንዘብ ያዧ የሮቶው ውጤት ነው ብለዋል። ጉዳዩ ለድምፅ ቀርቦ ሁለት ለሁለት ተለያይቷል።

ውሳኔ፦ ሶሉ ለጊዜው እንዲያገለግል፣ የሮቶውም ስንጥቅ እንዲደፈን ተወስኗል። ሰዓቱ 11 ሰዓት ሆኗል።

አጀንዳ 4፦ ከገንዘብ ያዧ የቀረበ ድንገተኛ ሐሳብ

ገንዘብ ያዧ ከሁሉም የሚበልጠውን ቁጠባ አገኘሁ ብለዋል፤ ይኸውም የፊት ጎማውን ጨርሶ አለመግጠም ነው። ጋሽ ቀመር ቁጠባው በስሌት መቶ በመቶ መሆኑን አረጋግጠዋል።

ጸሐፊው «ልጄ፣ ብስክሌት ያለ ፊት ጎማ የት ይደርሳል?» ሲሉ ጠይቀዋል።

«የትም» ብለዋል ገንዘብ ያዧ።

«ውድድሩስ?»

«ይቅራላ!»

ገንዘብ ያዧ ቃላቸው እንዳለ እንዲመዘገብ ጠይቀው የሚከተለውን ተናግረዋል፦ «አምና ስድስት ሳምንት ክንዷ በጄሶ ታስሮ ሳለ ያለበስኳት እኔ ነኝ። የሸሚዟን እጅጌ ሁሉ ተርትሬ በአዝራር የሠራሁት እኔ ነኝ። እናንተ ጥናት ታጠናላችሁ። ከዚያ ቁልቁለት እንደ ድንጋይ ተንከባላ ነው የመጣችልኝ። ስለምትፈጥን ነው የወደቀችው፤ ነገም ትፈጥናለች። ፍሬን ግዙ አትግዙ ግድ የለኝም፤ እንድትሄድ አልፈልግም፣ በቃ!»

ታዛቢዋ ሳይፈቀድላት ተናግራለች፦ «እማዬ፣ ስለፈጠንኩ አይደለም። ፍሬኑ አልያዘልኝም። ያኔም ብያችኋለሁ።»

ሰብሳቢው «አሁንም እሷኑ! በዚህ እጄ ነው እኮ ያስተካከልኩልሽ፣ ልጄ። የወደቀ ሁሉ ፍሬን ነው የሚለው» ብለዋል። ጋሽ ቀመር በስታቲስቲክስ ረገድ ሰብሳቢውን ደግፈዋል።

ታዛቢዋ በዚህ ጊዜ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ከጸሐፊው ጉልበት ላይ አንሥታለች። ጸሐፊው መከልከል ይችሉ ነበር፤ አልከለከሉም። ታዛቢዋ ያለፈውን ዓመት ገጽ ገልጣ፣ እስካሁን የተነበበ ያህል ሲቆጠር የኖረውን፣ ቆማ አነበበች፦

«ተራ ቁጥር 6፦ የብስክሌቷ ፍሬን ሲያዝ የሚያሰማው ጩኸት የጸሐፊውን የቀትር እንቅልፍ የሚረብሽ በመሆኑ፣ ለቅባት የሚወጣውንም ወጪ ለመቆጠብ ሲባል፣ የፍሬን ሸራውና ቸርኬው በወጥ ቤት ዘይት በደንብ እንዲታሹ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አስፈጻሚ፦ ሰብሳቢው። ሐሙስ። አራት ፊርማ።»

ታዛቢዋ መዝገቡን አልዘጋችም። «የወደቅኩት ቅዳሜ ነው» ብላለች።



በመጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ቀመር ናቸው። ዘይት ሰበቃን እንደሚያጠፋ፣ ይህንንም ለሠላሳ አንድ ዓመት ለሰባተኛ ክፍል ማስተማራቸውን፣ ከአራቱ ፊርማ አንዱም የእሳቸው መሆኑን ቀስ ብለው ገልጸዋል። ሰብሳቢው «ጩኸቱ እኮ ጠፍቶ ነበር» ብለው ጀምረው አልጨረሱትም። ጸሐፊው በዚያ ሳምንት እጅግ ጥሩ እንቅልፍ እንደተኙ ለመዝገቡ ያህል አስመዝግበዋል።

ገንዘብ ያዧ «ለምን አልነገርሽንም?» ሲሉ ጠይቀዋል።

«ነገርኳችሁ። ጄሶው ሳይደርቅ ሦስቴ ነገርኳችሁ።»

«ታዲያ ለምን አላመንሁሽም?»

ገንዘብ ያዧ ተነሥተው የልጃቸውን ክንድ ከትከሻው እስከ አንጓው እንደ ጨርቅ በእጃቸው ለክተውታል። ከዚያም «እውነተኛ ፍሬን ቢኖርሽ እዚያ ቁልቁለት ላይ መቆም ትችያለሽ?» ብለው ጠይቀዋል።

«የፈለግሽው ቦታ ላይ እቆማለሁ፣ እማዬ። አንቺ ከታች ሆነሽ ምልክት አድርጊልኝ።»

«ምልክት አላደርግም። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው 11፡25 መሆኑን፣ ጠጋኙም ሊዘጋ ሠላሳ አምስት ደቂቃ እንደቀረው፣ እሱ ደግሞ አንድ ሰዓት እንደሚፈልግ አስታውቀዋል። ጋሽ ቀመር ስሌቱ አይገጥምም ብለዋል። ገንዘብ ያዧ «ይገጥማል! ሰውየው በሩን እንዳይዘጋ እኔ ራሴ ደፉ ላይ እቀመጣለሁ» ብለዋል።

የማጠቃለያ ውሳኔ

ለታዛቢዋ ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ሙሉ ድምፅ ተሰጥቷት፣ በአምስት ድምፅ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተአቅቦ የሚከተለው ተወስኗል፦

በዛሬው ስብሰባ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ በአጀንዳ 4 የቀረበውን ሐሳብ አቅራቢዋ ራሳቸው አንሥተዋል። ባለፈው ዓመት በተራ ቁጥር 6 የተወሰነው ከተወሰነበት ቀን ጀምሮ ተሽሯል። ጋሽ ቀመር መሻሩ የወደቀውን እንደማያነሣ አስገንዝበው፣ ቢሆንም እጃቸውን አውጥተዋል። ብስክሌቷ ወደ ጠጋኙ ትሄዳለች፤ የሚጠይቀው ዋጋ ይከፈለዋል፤ ማንም ምንም አይቆጥብለትም። ኮሚቴውም ፈርሷል፤ ይህ ቤት ከእንግዲህ ጎማ ያለው ነገር አይጠግንም።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡32 ተበትኗል። ሰብሳቢው አንደኛውን፣ ጋሽ ቀመር ሁለተኛውን፣ የልጅ ልጅ ሦስተኛውን ካርቶን ተሸክመው ከመውጣታቸው በፊት ፈርመዋል። ልጄ ግን የፊት ጎማውን ከጠረጴዛው መንጭቃ ለማንም አልሰጥም ብላ፣ ከነኮላው በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ ከሁሉም ቀድማ ስለሮጠች፣ ይህ ቃለ ጉባኤ የእሷ ፊርማ ሳይኖርበት ጸድቋል።