ባዶዋን የማትመለሰው መጥረቢያ

ብረት ሁለት ጠላት አለው ይባላል፤ ዝገትና አድናቂ። ይባላል ያልኩት እኔው ነኝ። ለዝገቱ ዘይት አለው። ለአድናቂው ግን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ ተገኝቶም ከሆነ ጅጅጋ አልደረሰም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ሰው አንድን ዕቃ ማድነቅ በጀመረ ቀን መጠቀሙን ያቆማል። ያማረው ብርጭቆ «ለእንግዳ ነው» ይባልና ቁም ሣጥን ውስጥ ይታሰራል፤ እንግዳው ሲመጣ ደግሞ «ይሰበራል» ተብሎ በፕላስቲክ ይጠጣል። የአዲሱ ሶፋ ላስቲክ ሳይወልቅ ባለቤቱ ያረጃል። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የገባሁበት። ዕውቀት ከሞኝነት ያድናል የሚላችሁ ሰው ካለ ወደኔ ላኩት።

ነገሩ የመጥረቢያ ነው። አባቴ በደጉ ዘመን አፍደም ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበርና፣ ወደ ጅጅጋ ሲመጣ ይዟት የመጣት መጥረቢያ ናት። እሱ ሲናገር፣ ሐዲዱ ላይ የወደቀ ግራር በአንድ ምት ለሁለት ከፍላ ባቡሩ ሳይቆም እንዲያልፍ አድርጋለች። እኔ ስተርከው ግራሩ ሁለት ነው። ልጆቼ ሲተርኩት ጫካ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ የማውቃት ግን ዝገት የለበሰች፣ ዛቢያዋ በሽቦ የተጠፈረ፣ በረንዳ ላይ ተደግፋ የምትውል አሮጊት ሆና ነው። ሥራዋ ሰፈሩን ማገልገል ነበር። ሠርግም ይሁን ተዝካር፣ ኢድም ይሁን ክርስትና፣ እንጨት የሚፈለጠው በእሷ ነው። በኛ ሰፈር ደግሞ ማን እንደደነገገው የማይታወቅ ሕግ አለ፤ የተዋሷት መጥረቢያ ባዶዋን አትመለስም። የፈለጠችው እንጨት ካበሰለው ነገር ሳህን ላይ ይደረግና አብሯት ይመጣል። ከሠርግ ቤት ሩዝና የፍየል ሥጋ፣ ከክርስትና ቤት ዳቦ፣ ከኢድ ቤት ሳምቡሳ። አንድ ጊዜማ እስከ አውበሬ ለሠርግ ተወስዳ የግመል ወተት በጀሪካን ይዛ ተመልሳለች። ከኔ ይልቅ እሷ አገር አይታለች።

ባለቤቴ ካረፈች፣ ልጆቼም ተበታትነው በስልክ ብቻ ከቀሩ ወዲህ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ያኖረኝ ጡረታዬ ሳይሆን ይህች መጥረቢያ ናት። ከምግቡም የሚበልጠው ሳህኑን ይዞ የሚመጣው ሰው ነው። ሳህን የያዘ ሰው ከበር አይመለስም፤ ይቀመጣል፤ የሠርጉን ሐሜት ከነቅመሙ ያራግፋል።

በዚህ መሀል መምህር ደሳለኝ መጣ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ክፍል ተከራየ። መልካም ልጅ ነው፤ ችግሩ ስልኩ ነው። ፈረንጆች የዛገ መጥረቢያ ከቆሻሻ አንስተው ሲያድሱ የሚያሳይ ቪዲዮ ያያል። አንድ ቀን ለኔም አሳየኝ። ወሬ የለ፣ ሙዚቃ የለ፤ አንድ ሰውዬ ዝም ብሎ ብረት ይፈገፍጋል። ከዜና ይሻላል። አፋችንን ከፍተን ስናይ ዋልን።

«ጋሼ ታደሰ፣ የእርስዎ እኮ ከዚህኛዋ ትበልጣለች» አለኝ።

ሰይጣን የገባው ይሄኔ ነው።

በባልዲ ሙሉ አቼቶ ዘፈዘፍናት፤ ዝገቱ እንደ ክረምት ጎርፍ ቀልቶ ወጣ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግናት፤ በሞረድ ሳልናት። ከወይራ አዲስ ዛቢያ ጠርበን፣ በሽብልቅ አጥብቀን፣ የተልባ ዘይት አጠጣነው። ከዝገቱ ሥር የሠሪዋ ማኅተም ብቅ አለ፤ ጥቂት የፈረንጅ ፊደልና አንዲት ትንሽ ኮከብ። አባቴ ዕድሜ ልኩን ሲይዛት ኖሮ ኮከብ እንዳላት ሳያውቅ ሞተ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። መምህሩ «አቼቶው ነው» አለኝ።

ስለ ስለቷማ አትጠይቁኝ። ዝንብ አርፋባት ሁለት ሆና በረረች፤ ሁለቱም በጤና።

እንዲህ ያለች ነገር በረንዳ ላይ አትጣልም። ሳሎን፣ ከባለቤቴ ፎቶ አጠገብ፣ ግድግዳውን ቀይ ከፋይ አልብሰን ሰቀልናት። በሳምንቱ ጎረቤቴ ኤዶ ሱኣድ የእህቷን ልጅ ሠርግ እንጨት ልታስፈልጥ መጣች። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ በዕድሜ ብበልጣትም ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ስለሚላት እኔም እላታለሁ። እሷ ደግሞ እኔን አደር ትለኛለች፤ አጎቴ እንደማለት። አንቱታውን ሁሉ ያቺ አንድ ቃል ትሸከመዋለች።

ግድግዳውን አየች። «አደር፣ ይሄ ምንድነው?»

«መጥረቢያዋ ናት።»

«ዋላሂ!» ብላ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ለኔ አውልቃ አታውቅም። ጣቷን በሻሿ ጠቅልላ ኮከቧን ነካችና፣ «ማሻአላህ፣ ሙሽራ ሆናለች» አለች።

«በይ ውሰጃት፤ ለእንጨቱ አይደል የመጣሽው?»

«ሙሽራ እንጨት ትፈልጣለች እንዴ!» ብላ ሄደች። ከሱቅ አዲስ መጥረቢያ ገዛች። እኔም በሆዴ ተመስገን አልኩ።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ የጋሼ ታደሰ መጥረቢያ አትነካም ተባለ። ሠርጉ አለፈ፣ ተዝካሩ አለፈ፣ ኢዱም አለፈ፤ ደጄን ያንኳኳ ሳህን የለም። ሰላምታውስ አልቀረም፤ በሩቁ እጅ ይነሳሉ፤ ምናልባት ለመጥረቢያዋ ይሆናል። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ዳቦ በሻይ እበላለሁ። እሷ ታበራለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ አበው፤ እኔ የቅርብ ጎረቤቴን በአቼቶ አጥቤ ሩቅ ዘመድ አደረግሁት።

ከዚያ የኤዶ ሱኣድ የራሷ ልጅ የሂቦ ሠርግ ደረሰ። ሂቦ ባለቤቴ ጭን ላይ ያደገች ልጅ ናት። ጠዋት በአጥሩ ማዶ የሱቁ መጥረቢያ ሲታገል እሰማለሁ። ኳ ይላል፤ ዝም ይላል። ኳ፤ ዝም። በመጨረሻ ኳ አለና አንድ ነገር በአጥሩ ላይ በርሮ ጓሮዬ ወደቀ። የመጥረቢያው አናት ነው። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ግንዱ ቆሞ ምሳሩ ሲወድቅ ግን ያን ቀን አየሁ።

አናቱን በአንድ እጄ፣ የአባቴን መጥረቢያ ከግድግዳ አውርጄ በሌላው እጄ ይዤ ደጃቸው ሄድኩ።

«ይሄ የናንተ ነው፤ ይቺም የናንተ ናት» አልኳት።

«አይሆንም አደር! ከሟች ፎቶ ጎን የተሰቀለች ዕቃ! አንድ ነገር ብትሆንስ?»

«ሱኣድ፣ ለልመና ነው የመጣሁት።»

«ዕቃ የሚያውስ ሰው ይለምናል እንዴ?»

«ካልቀናው ይለምናል። የሂቦ እንጨት በሌላ ብረት ከተፈለጠ፣ እኔ በምን ዓይኔ ነው ሠርጉ ላይ የምቀመጠው?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከሳ ብዬ ሳልታያት አልቀረሁም። «ምን እየበላህ ነው የከረምከው?»

«ዳቦ በሻይ።»

«ዋላሂ፣ እኛ እኮ የናቅኸን መስሎን ነው!» ብላ መጥረቢያዋን ከእጄ መነጨቀችኝ።

ያን ቀን አንዳንዱ ግንድ ገና ሲያያት ተሰነጠቀ። ምስክር አለኝ።

በሠርጉ ማግስት ኤዶ ሱኣድ ራሷ ይዛት መጣች። ሚስማር መትታ ስለቷ ተሸርፏል፤ ዛቢያዋ በሞራ ወዝቷል፤ ኮከቧ በጥላሸት ተሸፍናለች። ሳህኑ ግን ሁለት እጅ የሚፈልግ ነበር፤ ሩዝ፣ የፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሰላጣ። ተቀመጠች። ሐሜቱን ከነቅመሙ አራገፈችው። ሐሜቱ የሙሽራው አጎት ጋ ሲደርስ መምህር ደሳለኝ ገባና መጥረቢያዋን ሲያይ መርዶ እንደሰማ ሰው ራሱን ያዘ።

«ግድ የለም ጋሼ፣ እናድናታለን!» ብሎ እየሮጠ ሄዶ ሞረዱን፣ ብርጭቆ ወረቀቱንና ጠርሙሱ ውስጥ የተረፈውን አቼቶ ይዞ ተመለሰ።

ሞረዱንና ወረቀቱን ወደ ክፍሉ እንዲመልስ ነገርኩት። አቼቶውን ተቀበልኩት።

ሰላጣው ላይ ትንሽ ጎድሎ ነበር።