መድኃኒት ያላዘዘችው ሐኪም

ከሐኪም ቤት ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሠርግ ተጠርቶ ሳይበላ የወጣ ነው የሚመስለው። እኛ ዘንድ ሐኪም የሚመዘነው በሚያዝዘው ነው። መርፌ ወግቶ፣ ሽሮፕ ጨምሮ፣ እንክብሉን በሦስት ቀለም አድርጎ የሸኘን እንደሆነ «እጁ መድኃኒት ነው» እንለዋለን። መርምሮና አስቦ «ለጊዜው ምንም አያስፈልግዎትም» ካለን ግን ወይ አልተማረም፣ ወይ ንቆናል። እኔም እንደዚሁ አምን ነበር። መምህር መሆኔ ከዚህ አላዳነኝም።

አጎቴ አያ ታረቀኝ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ድንችና ገብስ የሚያርሱ፣ ከማሳቸው ዳር ደግሞ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ የተከሉ ሰው ናቸው። ስልሳን አልፈዋል። አንድ መስከረም እንጅባራ እኔ ቤት መጡና አንገታቸውን እያሻሹ «ይህች ነገር ምን ትሆን?» አሉኝ። ዳሰስኳት። የባቄላ ፍሬ ታክላለች፤ አታምም። ብብታቸው ሥርም እህቶች አሏት። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ ደም ተቀዳ። የላቦራቶሪው ሰው ውጤቱን አየና እንደገና ቀዳ። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳቸው ከልክ በላይ በዝቷል ተባለና ባሕር ዳር ተላክን።

እዚያ ያየችልን የውስጥ ደዌ ሐኪም ገና ልጅ እግር ናት። አንገታቸውን፣ ብብታቸውን ዳሰሰች፤ አስተኝታ ጣፊያቸውን ፈለገች፤ ደማቸውን ለተጨማሪ ምርመራ አዲስ አበባ ላከች። ውጤቱ በመጣ ቀን የአያ ታረቀኝ ልጅ ሙሉቀንም አብሮን ነበር። ሙሉቀን ጫግኒ ከተማ የእህል ነጋዴ ነው፤ ችኩል ነው፤ አባቱን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ያያል። አጎቴን ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀምጠን ሁለታችን ቀድመን ገባን። ደንባችን ነው፤ ክፉ በሽታ ከባለቤቱ በቀር ለሁሉም ይነገራል።

«የደም ካንሰር ነው» አለች ሐኪሟ። «ግን ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት ነው። አሁን መድኃኒት አልጀምርላቸውም። በየሦስት ወሩ እያመጣችሁ እንከታተላቸዋለን። ክብደት ከቀነሱ፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ከያዛቸው ቀጠሮ አትጠብቁ። አሁን ይግቡና ለራሳቸው ልንገራቸው።»

«አይሆንም!» አልን በአንድ አፍ። «ሲሰሙ ይሞታሉ!»

«ለዛሬ ብቻ እተውላችኋለሁ» አለች።

መንገዱን ሙሉ ሙሉቀን ሲንተከተክ መጣ። «ካንሰር ነው ትላለች፤ መድኃኒት አልሰጥም ትላለች! ገበሬ ስለሆነ ንቃው ነው።» እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ወር ሳይሞላ አንድ ጠርሙስ እንክብል ይዞ ከተፍ አለ። የአንድ ወዳጁ እህት በደም ካንሰር ታማ የወሰደችው ነው አለኝ። «ቫይታሚን ነው ብለን እንሰጠዋለን።» ልከለክለው ይገባ ነበር። አልከለከልኩትም፤ እንዲያውም አብሬው ሄድኩ። ፍርሃት ካለ ትምህርት ምን ያደርጋል?

አያ ታረቀኝ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። «ለካንሰሩ ነው?» አሉ።

«ማን ነገረህ?» አለ ሙሉቀን።

«ከባሕር ዳር ከተመለስኩ ወዲህ ሰላም የሚለኝ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም እግዜር ይማርህ ነው የሚለኝ። ቄሱ ሳይቀሩ ተነሥተው ያስቀምጡኛል። እንዴት አላውቅ?» ጠርሙሱን ኪሳቸው ከተቱት። «ያች ሐኪም ትየውና ያኔ እውጠዋለሁ።»

በቀጠሮው ቀን እንክብሉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት። ጽሑፉን ስታነብ ፊቷ ተለዋወጠ። «ከዚህ ወስደዋል?»

«አንዲትም።»

ተነፈሰች። «አባቴ፣ የደም ካንሰር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ ለየቅል ነው። በሳምንታት የሚገድል አለ፤ እሱን አንድ ቀን አናሳድረውም። ይህም መድኃኒት ለሌላ ዓይነት የታዘዘ ነው። የእርስዎ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሳይከፋብዎ ብጀምርልዎ ዕድሜ አልጨምርልዎትም፤ ይልቅ አቅምዎን ያዳክመውና ትንሹ ጉንፋን ይጥልዎታል።»

«ወላጅ አባትሽ ቢሆን ልጄ?»

ጠርሙሱን ወደ ራሷ ሳበችው። «አባቴም ቢሆኑ እጠብቃለሁ። መጠበቁ ግን ያስፈራኛል። መድኃኒት ማዘዝ ይቀላል።»

የዚያን ዕለት ቤት ስንገባ ባለቤታቸው ምን ተባለ ብለው ጠየቁ። ሐኪሟ ግማሽ ሰዓት የፈጀችበትን አጎቴ በአገውኛ በአንዲት አረፍተ ነገር ጨረሱት፦ ተኝቷል፤ አትቀስቅሱት አለች። ሴትዮዋ ገባቸው። ከሁላችን ቀድሞ የገባቸው እሳቸው ናቸው።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ። አያ ታረቀኝ ያርሳሉ፣ ዲከረንሳቸውን ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፣ በቀጠሯቸው ቀን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሚኒባስ ይሳፈራሉ። በአራተኛው ዓመት ግን ዳገት ሲወጡ ይቆሙ ጀመር። ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ገባ። ሐኪሟ ዳሰሰቻቸው፤ ጣፊያቸው አብጧል፤ ቀይ ደማቸው ወርዷል። «አሁን ጊዜው ነው» አለች።

ያን ጊዜ «አይሆንም!» ያለው ማን ይመስላችኋል? ሙሉቀን! «እስከ ዛሬ ያለ መድኃኒት የኖረን ሰው ምነው አሁን መርዝ? ትንሽ ብንጠብቅስ?» እኔም፣ ላፍርበት እንጂ፣ ልደግፈው አፌን ከፍቼ ነበር። አጎቴ አስቀሩን። «ጠብቅ ስትል ጠብቄያለሁ፤ ተነሥ ስትል እነሣለሁ። እንደ እናንተ ቢሆን አንዴም በሰዓቱ አልታከምም።»

መድኃኒቱ ቀላል አልነበረም። በሦስተኛው ዙር ትኩሳት ያዛቸውና ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኙ። ሙሉቀን ጫግኒን ትቶ አልጋቸው ሥር ወለል ላይ አደረ። እኔም ሐኪሟን የረገምኩበት ቀን ነበር፤ አልዋሽም። ተረፉ። ዙሩን ጨረሱ። አንገታቸው ላይ የነበረው እብጠት ጠፋ፤ ዳገቱንም ሳይቆሙ ወጡት።

በመጨረሻው ምርመራ ቀን ሙሉቀን ጫግኒ እህል እየጫነ ስለነበር እኔ ብቻ ነኝ ያጀብኳቸው። ከሐኪሟ ክፍል ፊታቸው በርቶ ወጡ፤ በሽታው ቢመለስም ያኔ ይታያል፤ እስከዚያው በየሦስት ወሩ መመላለሱ ቀርቶላቸዋል። ስልኬን ነጥቀው ልጃቸው ጋ ደወሉ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ይቆራረጣል።

«ሙሉቀን! ጨረስኩ! ስድስት ወር ሰጠችኝ!»

ከዚያኛው ጫፍ ጩኸት ተሰማ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ብደውል አይነሣም፤ ብደውል አይሠራም። ተሳፍረን ዳንግላ ስንደርስ ነው የተነሣው፤ ሙሉቀን መጋዘኑን ዘግቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ከነለቀስተኛው ወደ እኛ ሊሳፈር ጫግኒ መናኸሪያ ቆሟል። ላስረዳው ብሞክር ልቅሶው አላሰማ አለኝ። አያ ታረቀኝ ስልኩን ወሰዱ።

«አንተ ልጅ! ቀጠሮ ነው ያልኩህ፤ የቀጠሮ ስድስት ወር!» ትንሽ አሰቡ። «ከተነሣህ አይቀር ግን በቆሎ ጭነህ ና። ስድስት ወር ሙሉ ምን ልበላ ነው?»