ካፒቴን ኢሲዶሮስ በገዛ እጃቸው መርከብ እንዳሰሩ

ካፒቴን ኢሲዶሮስ ከባሕር በተመለሱ በዘጠነኛው ዓመት፣ በዘመነ ዛምቤታ እመቤተ ካፌ፣ የሰሜን ነፋስ በነገሠ በአራተኛው ቀን እነሆ ይህ ሆነ።

በኔሮፔትራ ደሴት የተወለደ ወንድ ሁሉ ባሕረኛ ይሆናል፤ ጡረታ ሲወጣም ካፒቴን። ወጣቶቹ በየውቅያኖሱ ተበትነዋልና በወደቡ ካፌ የነበሩት አሥራ አንዱ ካፒቴኖች ብቻ ነበሩ፦ ሕንድ ውቅያኖስን እንደ ጓሮው የሚያውቀው ስትራቲስ፣ ሲያስነጥስ ዓሣ የሚበረግግለት ያኩሚስ፣ ሌሎችም ስምንት፣ ከሁሉም በላይ የነዳጅ መርከቦች ጌታ፣ የማዕበል አማች ኢሲዶሮስ።

በዚያች ቀን በሳምንት አንዴ የምትመጣው መርከብ ብቅ አለች። ውስጧም የኢሲዶሮስ ታላቅ እህት ማሪጎ ነበሩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይታዩ ከሜልቦርን ለአምስት ቀን ብቻ የመጡ። የመርከብ ገመድ ተቀብሎ የሚያስረው ብቸኛ ሰው ግን ወገቡን ታሞ ተኝቷል። ሕጉም መርከቢቱ ሦስት ጊዜ ጡሩምባ ነፍታ ተቀባይ ካጣች ሳትቆም ታልፍ ዘንድ ነው።

መጀመሪያው ጡሩምባ ሲነፋ አሥራ አንዱ በአንድነት ተነሥተው ዐወጁ፦

«ወደ ግራ!»

«የምን ግራ፣ አንተ ዕውር! ወደ ቀኝ!»

ከመርከቢቱ የተወረወረው ገመድ ግን እግራቸው ሥር ወድቆ ወደ ባሕር ተንሸራተተ፤ አርባ ዓመት ሲያዝዙ እንጂ ሲጎትቱ አልኖሩምና።

ሁለተኛው ጡሩምባ ተነፋ። ዛምቤታ ትሪዋን እንደ ያዘች ወጥታ ዐወጀች፦

«አሥራ አንድ ካፒቴን፣ አንድ ባሕረኛ የለም!»

ማሪጎም ከመርከቢቱ ላይ ዐወጁ፦

«ኢሲዶሬ! ሳታቅፈኝ አውስትራሊያ ልትመልሰኝ ነው? ቂጥህን አንሳ!»

ያን ጊዜ ካፒቴን ኢሲዶሮስ ባርኔጣቸውን ጥለው፣ ዳግመኛ የተወረወረውን ገመድ በሆዳቸው ተቀብለው፣ ተንበርክከው፣ ተንፏቅቀው፣ ሱሪያቸውም ከኋላ ተቀድዶ፣ መርከብ ወደሚታሰርበት የብረት ጉቶ ደረሱ። በገመዱ ጫፍ ጉቶው ላይ የሚጠለቅ ቀለበት ተበጅቶለት ነበር፤ እርሳቸው ግን ይህን ሥራ ከከፍታ እንጂ ከቅርብ አይተውት አያውቁምና ሰባት ጊዜ ጠምጥመው ዘጠኝ ጊዜ ቋጠሩት። ሦስተኛው ጡሩምባ ተጀምሮ መሐል ላይ ተቋረጠ።

ማሪጎ ወርደው ወንድማቸውን ዞረው አዩ፤ ዐወጁም፦

«አይ ካፒቴን! ባንዲራህን ከኋላ ሰቅለህ ነው የምትቀበለኝ?»

ይህንም ብለው የወንድማቸውን አንገት አቅፈው አለቀሱ።

ከዚህ በኋላ መርከቢቱ ልሂድ ብትል መሄድ አልቻለችም፤ በሳበች ቁጥር ቋጠሮው ጠበቀ፤ አዛዥዋም ገመዴን ትቼ አልንቀሳቀስም አለ። አሥሩ ካፒቴኖች ቋጠሮውን ከበው፣ በየተራ ትእዛዝ ሰጥተው፣ አንዳቸውም ሳይነኩት ደከሙ። በመጨረሻ ዛምቤታ በዳቦ ቢላዋ ቆረጠችው።

በመድፍ መርከብ ያስቆሙ ጀግኖች በየአገሩ ይነገርላቸዋል። ያለ መድፍ፣ ያለ ደኅና ሱሪ፣ በባዶ እጅ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያስቆሙ፣ እህታቸውንም ከባሕር አፍ የነጠቁ ግን ካፒቴን ኢሲዶሮስ ናቸው፤ ለእጃቸው ክብር፣ ለሱሪያቸው መርፌና ክር፣ ይሁን ለዘለዓለም።