የአቶ አንጁሎ በቅሎ የታሰረችበት በር

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ እናንተ ወጣት ሳላችሁ ሶዶ ውስጥ ሰው የት ነበር የሚዝናናው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሴን እንኳ ሳትሰማ በሐዘኔታ ዓይን አየችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል! እኔ የሚታዘንልኝ ሰው ነኝ? በጃንሆይ ጊዜ፣ የሶዶ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሳለሁ፣ ከተማችን ለሚያውቅባት ሰው ምን ጎድሏት! እኔን ያህል ደግሞ የሚያውቅባት አልነበረም። ጉራ መንዛቴ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራም አለበት።

እስቲ ቅዳሜ ነው እንበል፤ ገበያው ደርቷል። ልብስ ከፈለግህ ቀጥ ብለህ አረቡ ሱቅ ነው። ባለሱቁ የመናዊ ነው፤ ወላይትኛውን ከእኔ እኩል ይናገራል፤ ዋጋ ቀንስ ሲሉት ብቻ ቋንቋው ይጠፋበታል። ካኪ በለው፣ ፖፕሊን በለው፣ የጠጉር ቅባት በጠርሙስ በለው፣ ሁሉም አለ። ጨርቅህን ይዘህ ስትወጣ እዚያው በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊው መኪናውን እየረገጠ ይጠብቅሃል። «ለቅዳሜ ይደርሳል» ይልሃል። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ግን ተናግሮ አያውቅም።

ከዚያ ወደ ጠጉር አስተካካዩ። ባሕር ዛፍ ሥር አንድ ወንበርና አንድ የዛገ መስታወት ነው ያለው። ምን እንዳደረገህ የምታውቀው እቤት ገብተህ እናትህ ስትስቅ ነው። ሴቶቹስ? ሴቶቹ ቅቤ ተራ ናቸው። ለጋውን ቅቤ ከነቅጠሉ አንስተው ያሸታሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ትተውት ይሄዳሉ፣ ደግሞ ይመለሱበታል። ያን ቅቤ አናቷ ላይ አድርጋ በፀሐይ የምታልፍ ልጅ፣ ወዙ ጆሮዋ ሥር ጠብ ሲል... ተዉኝ እስቲ! የፈረንጅ ሽቶ ምን ያደርግላታል?

ሲመሽስ አትሉኝም? ሲመሽ እትዬ ዘነበች ቤት ነዋ። እትዬ ዘነበች ከሸዋ መጥታ ሶዶ የከረመች ጠጅ ሻጭ ነበረች። ማሾ ታበራለች፣ ግራሞፎኗን ጠምዝዛ ሸክላ ታስቀምጣለች፣ ከተማው ሁሉ በሩ ላይ ይኮለኮላል። አሁን አንዱ ይነሳና፣ «አንተ አማኝ አይደለህም እንዴ? ጠጅ ቤት ምን ትሠራለህ?» ይለኝ ይሆናል። አዎ፣ አማኝ ነኝ። አባቴ ጸሎት ቤት ዘማሪ ነበር፤ እኔም ጠጅ በአፌ ዞሮ አያውቅም። የምሄደው ለዘፈኑ ነው። ለእኔና ለመሰሎቼ እትዬ ዘነበች ብርዝ ትበጠብጥልን ነበር። ማር በውሃ፣ ጌሾ ያልነካው፣ በዕለቱ የሚጠጣ። የምታቀርበው ግን በዚያው በጠጁ ብርሌ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ጠጅ ነው። ከቅርብ ለሚያይም ጠጅ ነው። ለሚቀምሰው ብቻ ነው ብርዝ የሚሆነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የምዘረዝርላችሁ ወድጄ አይደለም። ይህቺው የምወዳት ከተማ ሚስት ልታሳጣኝ ምን ቀራት!

ልጅቷ ደስታ ትባላለች፤ የአረካ ልጅ ናት። ሶዶ ተምራ ጨርሳ፣ አገሯ ተመልሳ ሕፃናት ፊደል ታስቆጥር ነበር። ወደድኳት። ሌላ ምን ልበላችሁ? እሷን ካላገኘሁ ማንንም አላገባም ብዬ ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴም የእውነቴን መሆኑን አይታ አለቀሰች። ሽማግሌ ተላከ። አባቷ አቶ ቶማ የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሲስቁ አየሁ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ሽማግሌዎቹን ሰምተው፣ «እናጣራለን» ብለው ሸኟቸው።

እናጣራለን ማለት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ከልጅቷ ወገን አንድ የበሰለ ሰው ይመረጥና ልጁ ወደሚኖርበት ከተማ ይሄዳል። ማን እንደሆነ አይናገርም። ገበያ ሄዶ፣ ሱቅ ሄዶ፣ ዝም ብሎ ይጠይቃል። ጎሳው ከእኛ ጎሳ የተለየ ነው ወይ፣ አንድ ጎሳ አይጋባምና? ይጠጣል ወይ? እጁ ለዱላ ይፈጥናል ወይ? ያ ሰው ተመልሶ የሚናገረው ቃል ነው የሚያጋባህ፤ የሚያስቀርህም እሱው ነው። እኔም ይህን ስለማውቅ እንግዳ ፊት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። ከአረካ የመጣ ነጋዴ ካየሁ መንገድ አቋርጬ ሰላም እላለሁ። እንዴት ያለ ጨዋ ሆንኩ መሰላችሁ!

አንድ ቅዳሜ አዲሱን ኮቴን ለብሼ ገበያው ጫፍ ቆሜ ሳለሁ፣ ነጭ በቅሎ የሚስቡ አንድ ሽማግሌ መጡ። በቅሎዪቱ አንድ ጆሮዋ ቆራጣ ነው። «ሳሮ!» አሉኝ በወላይትኛ፤ ሰላምታቸውን መለስኩ። ኮቴን ሲያዩ ወደ አማርኛ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ከተማውን የምታውቅ ትመስላለህ። እኔ ከሃላሌ ነኝ፣ አንጁሎ እባላለሁ» አሉ። ሃላሌ ሲሉኝ ልቤ አረፈ። ሃላሌና አረካ ምን አገናኛቸው? ስሜን አልጠየቁኝም፤ መንገደኛው ሁሉ «መምህር» ሲለኝ ሰሙና እሳቸውም መምህር አሉኝ። ከተማ ውስጥ መምህር እንደሆነ ብዙ ነው። «እስቲ አሳየኝ» አሉ። ይህን ለእኔ ማለት ላምን ወደ ለምለም መስክ መንዳት ነው።

አረቡ ሱቅ ወሰድኳቸው፤ ለባለቤታቸው ሻሽ ገዙ። ባሕር ዛፉ ሥር አስቀምጬ ጢማቸውን አስላጨኋቸው፤ መስታወቱን አይተው፣ «ሎኦ! ሎኦ!»፣ ጥሩ ነው ጥሩ ነው፣ እያሉ አገጫቸውን ዳበሱ። ቅቤ ተራን አሳለፍኳቸው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የሸክላው ድምፅ ተሰማ። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። «ብርዝ የሚጠጣበት ቤት ነው» አልኳቸው። ዋሸሁ? አልዋሸሁም። «ብርዝማ ምን ክፋት አለው! እኔም አማኝ ነኝ» አሉና በቅሎዋን እበሩ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት ምሰሶ አሰሯት።

ብርሌ ቀረበልን፤ ለእኔም ለእሳቸውም። ጨለጡት። ደገሙ። «የሶዶ ማር እንዴት ያለ ነው!» አሉ። ፊታቸው ፈካ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የእህቴ ልጅ፣ አረካ ያለችው ደስታ፣ ጎበዝ ነው፣ ተምሯል። አንድ የዚህ ከተማ አስተማሪ ጠይቋታል። ስለ ልጁ እንዳጣራ ነው የላኩኝ» አሉና ስም ጠሩ። የማንን ስም? የእኔን ነዋ!

የአቶ አንጁሎ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ የእኛም ቤት እንዲሁ ነው፤ ነገሩ ግን ቁልጭ ብሎ ገባኝ። እኔ ነኝ ልበላቸው? ብርሌ ጨብጬ፣ ከጀርባዬ ሸክላ እየዘፈነ? ምላሴ ቀድሞኝ፣ «አዎ፣ በመጠኑ አውቀዋለሁ» አለ።

«ይጠጣል?» አሉኝ።

«ብርዝ ብቻ» አልኩ።

«ልብስ ያበዛል ይባላል።» አዲሱን ኮቴን በሁለት እጄ ሰበሰብኩት። «ለትምህርት ቤቱ ክብር ሲል ይሆናል» አልኩ።

«ነውሩስ? ነውር የሌለው ሰው የለም።» አሰብኩ። ምንም የለውም ብል አያምኑኝም። «ትንሽ ወሬ ያበዛል» አልኳቸው። «እንደ አንተ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ላቤ ግን በጀርባዬ ይወርዳል። በዚህ መሃል ከበሩ የገባው ሁሉ ስሜን ሊጠራ አፉን ሲከፍት እኔ እስላለሁ። ያን ቀን የሳልኩት ሳል ለሳንባ በሽተኛም ይበዛል።

አቶ አንጁሎ መዝሙር ጀመሩ። መዝሙሩ የጸሎት ቤት ነው፤ ምቱ ግን የግራሞፎኑ ነው፤ ትከሻቸውም አብሮ ይሄዳል። ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ሮጬ እትዬ ዘነበችን ጓዳ አገኘኋት። ምን አጠጣሻቸው አልኳት። እሷ ጭራሽ ተቆጣች። ከሩቅ አገር ለመጣ፣ ጋቢ ለለበሰ ትልቅ ሰው፣ አንተ ይዘህብኝ ለመጣኸው እንግዳ፣ ውሃ በጥብጬ ላቅርብ ኖሯል? ለበዓል ካስቀመጥኩት ጋን ነው የቀዳሁላቸው፣ ላከብርህ ብዬ፣ አለችኝ። እውነቷን ነው። እንግዳ ሲመጣ ደኅናውን ማውጣት የሁላችንም ደንብ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሊያጣሩኝ የመጡትን የጸሎት ቤት ሰው፣ በገዛ እጄ ወስጄ አሰከርኳቸው።

ደግፌ በቅሎዋ ላይ አወጣኋቸውና ሊያድሩበት ወዳሰቡት ዘመዳቸው ቤት አደረስኳቸው። ደጃፉ ላይ እጄን ጨብጠው፣ «ይህን ልጅ አግኝተህ ንገረው፤ የሚያውቀው ሰው ጥሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እንጀራ አላማረኝም። ደስታ አመለጠችኝ አልኩ። አልቆልኝ ነበር።

«ልጁን ይዛችሁ ኑ፣ እንየው» የሚል መልእክት ከአረካ መጣ። ሽማግሌዎቼ ደስ አላቸው። እኔ ጭነት መኪናው ላይ እንደ ጆንያ ተጭኜ ሄድኩ። ቤቱ ሞልቶ ጠበቀን። አቶ ቶማ መሃል ተቀምጠዋል። አጠገባቸው፣ ጢማቸው ገና እንደተላጨ፣ አቶ አንጁሎ! ዓይናችን ተገጣጠመ። እሳቸው ግን አይተውኝ እንደማያውቁ ሁሉ «ሳሮ» አሉኝና ፊታቸውን መለሱ።

አቶ ቶማ እኔን ትተው ወደ ዋርሳቸው ዞሩ። ዋርሳ ማለቴ ያው የሚስት ወንድም ነው። «አንጁሎ፣ እኔ የላክሁህ ልታጣራ ነው። ከገበያ የተመለሱ ሰዎች ግን ያቺን ጆሮ ቆራጣ በቅሎህን ዘነበች የምትባል ጠጅ ሻጭ በር ላይ ታስራ አየናት ይላሉ። እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው» አሉ አቶ አንጁሎ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። «ልጁን በደንብ የሚያውቅ ሰው እዚያ አገኘሁ። እሱን ያህል የሚያውቀው ሰው የለም። ልጁ ጨዋ ነው፣ አይጠጣም፣ ወሬ ብቻ ያበዛል አለኝ። እኔም አመንኩት።» መሬቱን አየሁ። መሬቱ አልተከፈተልኝም።

«እዚያ ቤት ተቀምጠህ ምን ስትጠጣ?» አሉ አቶ ቶማ።

«ብርዝ።»

አቶ ቶማ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ብርዝ? ዘነበች ቤት ብርዝ? አንጁሎ፣ ሕፃን አደረግኸኝ! እዚያ ቤት ብርዝ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም! ከበሩ በስተቀኝ ያለው ትልቁ ጋን ለመንገደኛው ነው፤ ከመጋረጃው ኋላ ያለው ትንሹ ለበዓል የሚቀመጠው ነው፤ እሱ ደግሞ ጌሾው የበረታ ነው፣ ወዲያው ነው ጉልበት የሚይዘው! ታዲያ የትኛው ነው ብርዙ?»

አንዱ ሽማግሌዬ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ከጓዳው በር ላይ የደስታ እናት ብቅ አሉ፤ ወንድማቸውን አላዩም፣ እኔንም አላዩም። ባላቸውን ብቻ እያዩ፣ በጣም በቀስታ፣

«አንቱ ይህን በምን አወቁ?» አሉ።

ብርዝ ግን ነበረ እኮ! አቶ ቶማ ጠይቀው ስለማያውቁ ነው። ይህን ለማስረዳት አፌን ልከፍት ስል ሽማግሌዬ እግሬን ረገጠኝ። አቶ ቶማ ተቀመጡ። ተነሱ። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታየኛል። ከዚያ በዚያ ጸሎት በሚያሳርጉበት ትልቅ ድምፃቸው፣ «ልጅቷ ተሰጥታለች! ምን ትጠብቃላችሁ፣ ሙቹዋው ይቅረብ! ቅቤው ይፍሰስበት! ሰው ርቦታል!» ብለው ጮኹ።

እፎይ! እንደዚያ ቀን ትንፋሽ ስቤ አላውቅም። ሙቹዋው፣ ያ የእኛ አገር የክብር ምግብ፣ ቅቤውን ታቅፎ ሲመጣ እንባዬ መጣ። አቶ አንጁሎ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና በእጃቸው አጎረሱኝ። ምኑን ጠጥተው እንደነበር ያውቁት ኖሯል ወይስ አያውቁትም? እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ደስታ በመጋረጃው ቀዳዳ ስትስቅ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰው ሁሉ ጠባይ ያለው ልጅ ጥሩ ሚስት ያገኛል እያለ ይመክራል። እኔም ለልጆቼ እንዲሁ እያልኩ እመክራለሁ፤ ምን ልበላቸው ታዲያ? አማቴ አቶ ቶማ ግን ከሠርጉ በኋላ በጣም ወደዱኝ። ሶዶ በመጡ ቁጥር በቅሏቸውን የሚያስሩት እኔ ግቢ ነው። ሲመሽ ከዚያ ወደ ሸክላው ድምፅ በእግራቸው ይሄዳሉ።