በመደቦቹ መካከል ምን ይነጠፍ?

መተላለፊያ ማለት በሁለት የአትክልት መደቦች መካከል ሆን ተብሎ ምንም ሳይዘራበት የሚቀር ጠባብ መሬት ነው። ሰው ስለ ጎመኑና ስለ ቃሪያው ይጨነቃል እንጂ ቆሞ ስለሚያጠጣበት ቦታ አይጨነቅም። እናንተም ብትሆኑ ጓሮ ስትጎበኙ የምታደንቁት ቅጠሉን ነው። መተላለፊያ የሚታወሰው ሰው ሲወድቅበት ነው።

እትዬ ለተብርሃን አምና ነሐሴ ላይ ወደቁበት።

ሰቆጣ ውስጥ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናቸው። ጎንበስ ማለት ስለሚያማቸው ጓሯቸው ውስጥ ከመሬት ከፍ ያሉ፣ ዙሪያቸው በድንጋይ የተካበ አራት መደቦች አሏቸው። መሬቱ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ሳሙና ይሆናል። ዳሌያቸው ተጎድቶ ሁለት ወር ተኙ። ባሕር ዳር የምትኖረው ልጃቸው ትርሃስም በስልክ ቁርጡን ነገረቻቸው፤ ዝናቡ ሳይገባ መጥታ ታያለች፤ መተላለፊያው አሁንም የሚያዳልጥ ከሆነ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ይዛቸው ትሄዳለች። እትዬ ለተብርሃን ያንን ቤት አንድ ጊዜ አይተውታል። አፈር ያለው አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ብቻ ነው ብለው ነገሩኝ፤ ስለ እስር ቤት እንደሚያወራ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ስለዚህ ግንቦትን ሙሉ ምን እንደሚነጠፍ ስንከራከር ከረምን። እኔ ብዙ ዘመን ስላስተማርኩ በማላውቀውም ነገር ሐሳብ አላጣምና ገለባ አልኩ። መሬታቸውን የሚያርሱላቸው አያ ኪሮስ ረዘም አድርገው አዩኝ።

«መምህር፣ በሬ ጦሙን እያደረ አንተ ገለባ ልትረግጥ?»

ገለባው ቀረ። ከአናጢው ያመጣነውን ሰጋቱራ ግማሹን ነፋስ ወሰደው፤ ለቀረው ምስጥ መጣለት። አሸዋውን ዋልካው ዋጠው። ጠጠሩ ለእኔ እግር ተመቸ፤ በእትዬ ለተብርሃን ምርኩዝ ሥር ግን እየተንከባለለ አስቸገረ። በመጨረሻ አያ ኪሮስ ፊቱ ሻካራ የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ በአህያ አመጡና አንድ በአንድ አስተካክለው ቀበሩት። ውሃ አፍስሰን ሄድኩበት። አያ ኪሮስም ሄዱበት። ምንም የለም። እትዬ ለተብርሃን ሄዱ፤ አዳለጣቸው። ድንጋዮቹ ተገለበጡ፤ አሁንም አዳለጣቸው። ለምን እሳቸውን ብቻ? ትርሃስ የምትገባው ደግሞ በማግሥቱ ነበር።

ገባች። ሻንጣዋን ሳታሳርፍ ባልዲ አነሣችና ድንጋዩ ላይ ውሃ ደፋች።

«በይ እማ፣ ሂጂበት።»

እትዬ ለተብርሃን ምርኩዛቸውን ጨበጡ። አንድ እርምጃ ሄዱ። በሁለተኛው እግራቸው ሸተት አለ፤ አያ ኪሮስ ክንዳቸውን ባይዙ ኖሮ እንዳምናው ይሆን ነበር። ትርሃስ አልጮኸችም። ልብስሽን ላዘጋጅ አለች፤ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። ብትቆጣ ይሻለን ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይለመናል። አያ ኪሮስ የገዛ ድንጋያቸውን እንደከዳቸው ወዳጅ ያዩታል። እኔ ቀና ማለት አልቻልኩም።

እትዬ ለተብርሃን እግራቸውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ እንደገና እግራቸውን አዩ።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ጫማው ነው።»

ጫማውን የላከችው ራሷ ትርሃስ ናት፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አትክልት ስታጠጪ አድርጊው ብላ። ሶሉ ላስቲክ ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ በረዶ ይንሸራተታል። እሳቸው ይህን የዚያኑ ሳምንት አውቀውታል። ግን ልጅ ከሩቅ የላከችውን እንዴት አውልቀው ይጣሉ? ሰው ምን ይላል? እሷስ ብትሰማ? በይሉኝታ ወደቁበት፣ ድነው ተነሡና መልሰው አደረጉት። እኛ አንድ ወር ሙሉ ስንከራከርና ድንጋይ ስናገላብጥም ዝም ብለው አዩን።

አወለቁት። እርጥቡን ድንጋይ በባዶ እግራቸው ረግጠው እስከ አራተኛው መደብ ሄዱ፤ ዞረው ተመለሱ። ትርሃስ ጫማውን አንሥታ ሶሉን ገልብጣ አየችው።

በማግሥቱ ወደ ባሕር ዳር ተሳፈረች። ይዛ የሄደችው ጫማውን ነው።